የሆድ አደራ

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ክሌመንት ኪያጌ ደውሎ "ፊሎ፣ ተዘረፍኩ!" ሲለኝ መኪናውን የወሰዱበት መስሎኝ ነበር። ከኩንዲያዋ ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ ካለው የጥናት ጣቢያው ደርሼ ሳይ ግን የጠፋው የሰው ሰገራ ነው።

ኮንስታብል ኦቶ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ሳቅህን ጨርሰህ ና" አልኩት።

"ይቅርታ ኢንስፔክተር። ግን የተሰረቀው ንብረት ምንድነው ብዬ ልጻፍ?"

"የዮምባይ ጎሳ አደራ ብለህ ጻፍ።"

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። እኛ ሲምቡዎች፣ የዚህ ደጋ ሰዎች፣ ከሰውነታችን የወጣን ነገር የትም አንጥልም። ፀጉርም ሆነ ጥፍር፣ አኝከን የተፋነው የሸንኮራ ምጣጭ እንኳ ጠላት እጅ መግባት የለበትም። ጠላት ካገኘው እሳት ላይ ያሞቀዋል፤ የባለቤቱም ሆድ እየነደደ ያልቃል ይባላል። ትምህርት ቤት ስንገባ ይህ ፍርሃት አብሮን ገባ፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገባም ውጭ አልቀረም።

የዮምባይ ሰዎች ይህን የሚፈሩትን ነገር፣ ትልቅ ትንሽ ሳይሉ፣ በገዛ እጃቸው ለጣቢያው ሰጥተዋል። ተመራማሪዎቹ ማወቅ የፈለጉት ስኳር ድንች ብቻ እየበላ ጡንቻው የማይሟሽሽ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን ዓይነት ደቃቅ ተሕዋስያን ቢኖሩ ነው የሚለውን ነው። ተሕዋስያኑ ከነሕይወታቸው እንዲቆዩ ናሙናው በብልቃጥ ተደርጎ ከበረዶ በባሰ ብርድ መቀመጥ አለበት። ቤት ለቤት ዞራ ሰዉን ያሳመነችው ዶሮቲያ ካማ ናት፤ ባሏ የሞተባት የመንደሩ አዋላጅ። "አደራ ነው" አለቻቸው። "ጥናቱ ሲያልቅ እያንዳንዳችሁ እጅ ይመለሳል፤ እናንተው ወራጅ ውሃ ውስጥ ትጥሉታላችሁ።" ልጆቻቸውን ሁሉ ያዋለደች ሴት ናትና አመኗት።

አሁን ማቀዝቀዣው ባዶ አፉን ከፍቶ ቆሟል። የጣቢያውን በር አየሁት፤ አልተሰበረም፣ አልተፈለቀቀም። ማቀዝቀዣው ግርጌ ቡናማ ውሃ አቁሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሰገራ የነበረበት ቦታ ሌላ ምን ሊሸት ነው ብዬ አለፍኩት። ማለፍ አልነበረብኝም።

"ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ" አልኩት ክሌመንትን። የዮምባይ ልጅ ነው፤ ከአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጣን ነን፤ አንተ አንቺ ነው የምንባባለው።

"ሐሙስ መሬት ተንሸራቶ የመብራት ምሰሶዎቹን ሲጥል አውራጃው በሙሉ ጨለመ አይደል? ጄኔሬተሩን አስነሳሁ፣ ብልቃጦቹን አየሁ፣ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። ዓርብ ጉሚኔ መንደር ሄድኩ። የወንድሜን ጥሎሽ ለሙሽራዋ ወገኖች ስናስረክብ ነበር። እስከ እሑድ ግብዣው ላይ ነኝ፤ ግማሹ ሲምቡ ምስክሬ ነው። ዛሬ ጠዋት መጥቼ በሩን ስከፍት ይኸውልሽ።"

"በሩ ተቆልፎ ነበር?"

"ተቆልፎ ነበር።"

"ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። "እኔ ጋ። እና... እማማ ዶሮቲያ ጋ። እኔ ግን ምንም አላልኩም፣ ፊሎ። ምንም አላልኩም።"

ምንም አላልኩም እያለ ሁሉንም አለ።

"በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከብሪስቤን ነጮቹ አጋሮቻችን ብልቃጦቹን ሊፈትሹ ይመጣሉ" ብሎ ጨመረ። "ምን ልበላቸው? ይህን ሕዝብ ለማስተማር ስንት ዓመት ለፋሁ! ፈርተው ነው የሰረቁት። ማይምነት ነው አገሬን የገደላት።"

*

ወደ ዮምባይ ስንወርድ ጭሱን ከሩቅ አየነው። የእማማ ዶሮቲያ ማድ ቤት እየነደደ ነው። እሷን ግቢው መሐል ካለ ግንድ ጋር አስረዋታል። በዙሪያዋ ገጀራ የያዙ ጎረምሶች ቆመዋል፣ ከፊታቸው የጎሳው ሹም ሙንዱዋ።

"ሹም ሙንዱዋ፣ ያስፈቷት" አልኩ ከመኪናው ሳልወርድ።

"ልጄ ሆዱ እየነደደ ነው" አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካዩ ሰንብተዋል። "ሲና ሳምንቱን ሙሉ በትኩሳት አለቀ። ለምን እንደሆነ ገና ዛሬ ገባን። የሱን ሰርቃ እሳት ላይ አስቀምጣዋለች። የደበቀችበትን ታውጣና ልጄ ይዳን። ከዚያ ውሰጃት።"

"ሆድና ትኩሳት ታይፎይድ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ይሂድ፤ በዚሁ መኪና ልውሰደው።"

"ለሳንጉማ መርፌ የለም!" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

ሳንጉማ የምንለው የሰው ሆድ የሚበላ መተተኛ ነው። በእኔ አገር ሳንጉማ ተብላ የምትያዘው ሁልጊዜ መበለት ናት፤ ወንድም የሌላት፣ የሚከራከርላት የሌላት። አንድ ጉልበተኛ ሰው ሳንጉማ ሆኖ ሲገኝ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ስጽፈውም ይፈላል።

ወደ ጎረምሳው ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። "ገጀራህን ስጠኝ።" ደንግጦ ሰጠኝ። በራሱ ገጀራ ገመዱን ቆርጬ መለስኩለት።

"መሰረቁን ማን ነገራችሁ?" አልኩ እማማ ዶሮቲያን ደግፌ ወደ መኪናው እየወሰድኩ።

"ዶክተሩ ነዋ" አሉ ሹሙ። "ጎህ ሳይቀድ ደውሎ ተጠንቀቁ አለን። ቁልፉ እሷ ጋ ነው አለን።"

ለእኔ የደወለው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው። ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት መንደሩን ጠርቷል። ደንግጦ ይሆናል ብዬ ለጊዜው አለፍኩት።

መኪናው ሲነሳ ሹም ሙንዱዋ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። "ልጄ ከሞተ" አሉኝ በዝግታ፣ "የፖሊስ ጣቢያችሁ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው።"

*

እማማ ዶሮቲያን ቢሮዬ አስቀምጬ ሻይ ሰጠኋት። የእጇ አንጓ በገመዱ ተልጧል።

"ቁልፉስ?"

ከአንገቷ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጣች። "ገላዬን ስታጠብ እንኳ አላወልቀውም።"

"ከዓርብ እስከ እሑድ የት ነበርሽ?"

"የት እሆናለሁ? ሲና ራስጌ ነዋ። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ፣ ውሃ በማንኪያ ስሰጠው። ከእናቱ ጋር አብረን ነው ያደርነው። ሆስፒታል ውሰዱት እያልኩ ስለምን ነበር።"

ብድግ አልኩ። "እንግዲያውስ ነፃ ነሽ! ከሳሾችሽ ራሳቸው ምስክሮችሽ ናቸው።"

እንደ ሕፃን አየችኝ። "ልጄ፣ ሳንጉማ እኮ አካሏን አስቀምጣ ነው የምትሄደው ይባላል። ራስጌው መቀመጤ ነው ይበልጥ ያስፈራቸው።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሌባ የት ነበርክ ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱ ከተገኘ ይለቀቃል። ለዚህች ሴት ግን የት ነበርሽ የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሩቅ ብትሆን በመንፈስ መጣች ይሏታል፣ ቅርብ ብትሆን በእጇ ገደለችው። ሌላ ሰው ይዤ ካላቀረብኩ በቀር ይህችን ሴት የሚያድናት ነገር የለም።

*

ቀጥሎ የፈለግነው የጣቢያውን ዘበኛ አሎይስን ነው። ቤቱ አልነበረም። ኦቶ ከዘበኛው ሚስት ወንድም ቤት፣ ከአሳማ በረት ጀርባ ጎትቶ አመጣው። ቡአይ የሚባለውን አፍ የሚያቀላ ፍሬ ሲያኝክ ውሎ አፉ እንደ ደም ቀልቷል።

"ለምን ሮጥክ?" አልኩት።

"ፖሊስ ስላባረረኝ ነዋ።"

"ፖሊስ ያባረረህ ስለሮጥክ ነው።"

"ታዲያ ማን ያቁም ቀድሞ?"

ኦቶ በክርኑ ጎሸመው። አሎይስ ቶሎ ተለሳለሰ፤ የሸሸው ሥራውን ጥሎ በመሄዱ እንደሆነ ተናገረ። "ጉሚኔ ነበርኩ። ዶክተሩ ራሱ ነው ና፣ ከእኛ ጋር ትበላለህ ያለኝ። እኔ ድሀ ሰው፣ ግብዣ ተጠርቼ እንቢ ልበል?"

"ዶክተሩስ ዓርብና ቅዳሜ እዚያው ነበር?"

"በዓይኔ በብረቱ! ወገቡን ይዞ ሲጨፍር ነበር። ኢንስፔክተር፣ እንዲህ ያለ ግብዣ አላየሁም። አሳማው ተቆጥሮ አያልቅም! ድምፅ ማጉያው ቀንና ሌሊት አልተቋረጠም፤ አምፖሉ ተራራውን በሙሉ አብርቶት ነበር። እሑድ ከሰዓት ሰው መበተን ሲጀምር ዶክተሩ ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ።"

ስለዚህ የክሌመንት ቃል ጸና። ዓርብና ቅዳሜ ጉሚኔ ነበር፤ አሎይስም እንደዚሁ። ሌሎች እንግዶችን ጠየቅን፤ ሁሉም ያንኑ አሉን። ጣቢያው ያለ ዘበኛ ቀርቷል፣ በሩ ያለ ጉዳት ተከፍቷል። የቀረው ቁልፍ የእማማ ዶሮቲያ ብቻ ሆነ። የማትፈልገው ነገር ላይ ማስረጃ ሲያደርስህ ማስረጃውን መጥላት ትጀምራለህ፤ እኔም ጠላሁት።

*

ማክሰኞ አንዲት ሴት አሳማዋ አፈር ሲቆፍር የሚሸት ብረት አወጣ ብላ ወደ ኦቶ መጣች። ቦታው ከጣቢያው ቁልቁል ያለ የተተወ የቡና ማሳ ነው። አሳማዎቹ ዙሪያውን ገልብጠውታል። መሐሉ ላይ እሳት የነደደበት ጥቁር መሬት አለ፤ አፈሩ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አጠገቡ ብልቃጦቹ ይደረደሩበት የነበረው የብረት ሳጥን ተኝቷል።

ሳጥኑ እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ ጎጆዎች የተከፋፈለ ነው። በየጎጆው ብልቃጡ ቀልጦ ጥቁር እብጠት ሆኖ ቀርቷል። አንዷ ጎጆ ብቻ፣ ጥግ ላይ ያለችው፣ ባዶ ናት። የቀለጠ ፕላስቲክ ጠብታ እንኳ የለባትም።

ሳጥኑን በጆንያ ጠቅልዬ ለእማማ ዶሮቲያ አሳየኋት። "ይህቺ ጥግ የማን ናት?"

"ሰው በሰጠበት ተራ ነው የምደረድረው። ያቺ የመጀመሪያው ናት። የክሌመንት።"

"ክሌመንትም ሰጥቷል?"

"ከሁሉም ቀድሞ! ሰዉ ሲያመነታ 'እኔ ልጃችሁ አይደለሁ? እኔ ልጀምር' ብሎ ብልቃጡን ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ያን ቀን እንዴት እንደሳቅን።" ከዚያ ዓይኗን ወደ ሌሎቹ ጎጆዎች መለሰች። "ሁሉንም አቃጠሏቸው? የሲናንም? የጨቅላዎቹንም?"

"ያንቺስ?"

አንዷን ጥቁር እብጠት በጣቷ አመለከተች። እጇን መልሳ ሆዷ ላይ አደረገችው። "ይህቺ ነበረች" አለች።

ኦቶ ከውጭ ጠራኝ። "ኢንስፔክተር፣ ግልጽ ነው። የተፈለገው ዶክተሩ ነው። ጠላቱ የሱን ወስዶ ሌላውን አቃጠለ። ሰውየው ይጠበቅ!"

ለክሌመንት ደወልኩለት። ያገኘነውን ነገርኩት።

"እንግዲህ የፈለገችው እኔን ነው" አለ።

"ማን?"

"ማን ይሆናል? እናንተ ጋ ሻይ እየጠጣች ያለችው ናታ።"

"አንተ በመተት ታምናለህ እንዴ?"

"እኔማ አላምንም። እነሱ ግን ያምናሉ።"

ስልኩን እንደዘጋሁ የሲና እናት የላከችው ሰው ደረሰ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ሰው አይለይም። ሹሙ አሁንም ከቤት አላወጣም ብለዋል። ጎረምሶቹ ወደ ከተማ የሚመጣውን መንገድ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የሚጠብቁት ልቅሶ ነው።

*

ወደ ዮምባይ ስንነዳ ኦቶን ጠየቅሁት። "አንተ የአንድን ሰው ሆድ ማንደድ ብትፈልግ ምን ትወስዳለህ?"

"እግዜር ይጠብቀኝ!"

"ለምሳሌ ነው፣ ኦቶ።"

"ለምሳሌ ከሆነ... የሱን ብቻ። አንዲት ብልቃጥ በኪሴ ከትቼ ውልቅ። ማን ያውቅብኛል?"

"ሌላውንስ ለምን ታቃጥላለህ?"

"ለምን ብዬ! የጎሳ ሁሉ ሆድ? እንዲህ ያለውን መተተኛም አያደርገው።"

"እንግዲያው ነገሩን ገልብጠን ነው ያየነው። ሌባው አንዷን ፈልጎ ሌላውን ያቃጠለ አይደለም። ሁሉንም ሊያቃጥል መጥቶ አንዷን ማቃጠል ያቃተው ሰው ነው።"

ኦቶ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ። "የራሱን" አለ።

"ሌላም አለ። በሩ የተከፈተ ማቀዝቀዣ በረዶው ቀልጦ ንጹህ ውሃ ያፈሳል። እኛ ያየነው የሚሸት ቡናማ ውሃ ነው። ብልቃጦቹ ውስጡ እንዳሉ ቀልጠው፣ ፈልተው፣ ክዳናቸውን ገፍተው ፈሰዋል ማለት ነው። ዓርብ ወይም ቅዳሜ በብርዳቸው ተሰርቀው ቢሆን ምን ያፈስ ነበር?"

"ግን ጄኔሬተሩ እየሠራ እንዴት ይቀልጣሉ?"

"አንተ ንገረኝ። አውራጃው በሙሉ ጨልሞ ጉሚኔ ላይ ድምፅ ማጉያው በምን ሠራ? ተራራውን ያበራው አምፖልስ?"

ኦቶ አማተበ። "በስመ አብ! ግማሹ ሲምቡ በጣቢያው ጄኔሬተር ሲጨፍር ነው የሰነበተው!"

ምስክሮቼ ያላቸው ሰዎች ሁሉ በእሱ ላይ ምስክር ሆኑ። ግን ወሬ ለሹም ሙንዱዋ አይበቃም፤ በእጄ የሚያዝ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። የእኔ ቢሆን የት አኖረው ነበር ብዬ አሰብኩ። እሳት የነካው ሆድ ይነዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የነካው ይረጋል። ይህን የነገሩን የእኔም የክሌመንትም አባቶች ናቸው። ወንዙ በዝናቡ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ወዴት ይዞት እንደሚሄድ ሳያውቅ አይጥለውም። ከክሌመንት ቤት ጀርባ ግን ምንጭ አለ።

መኪናውን አዞርን። ክሌመንት ጣቢያው ላይ ነበር፤ ቤቱ ማንም የለም። ምንጩ ውስጥ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር አፏ በቅጠል የተወተፈ የቀርከሃ ቁራጭ አገኘን። ውስጧ ቁጥር አንድ የተጻፈባት ብልቃጥ አለች። ኦቶ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔም በጓንት ላይ ጓንት ደርቤ ነው የነካኋት፤ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

*

ክሌመንት ቢሮዬ ሲገባ መነጽሩ የጸዳ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። የላምባ ምድጃዬ ላይ የሻይ ጀበና ተጥዷል። ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ፊቱ ነጣ። "የት አገኘሻት?"

"ምንጭህ ውስጥ።"

"አየሽ? እዚያ ወስዳ መተት ልታደርግብኝ..."

"ማን? ግንድ ላይ ታስራ የነበረችው ሴት?"

መልስ ሳልጠብቅ ጀበናውን አነሳሁና ብልቃጧን ወደ ምድጃው ጫፍ ገፋ አደረግኋት። ከነበልባሉ ገና ክንድ ትርቃለች።

"ከእሳቱ አርቂያት" አለ።

"ለምን?"

"ማስረጃ ናት። ትበላሻለች።"

"የተበላሸችማ ሁሉም ሲቀልጡ ነው። አንተ ታውቃለህ።" ትንሽ ጨምሬ ገፋኋት።

"ፊሎ!" ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ፤ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጓል። "በእናትሽ አርቂያት! ሆዴን! ሆዴን!"

ብልቃጧን አንስቼ መስኮቱ ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት አኖርኳት። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ለመናገር ብዙ አልፈጀበትም። ለወንድሙ ግብዣ ጄኔሬተሩን ወስዶ፣ ዘበኛውን ጭምር ይዞ ሄደ። ማቀዝቀዣው ሳይከፈት ብርዱን ይዞ ይቆያል ብሎ ነበር። እሑድ ጄኔሬተሩን ይዞ ተመልሶ ማቀዝቀዣውን ሲከፍተው ሁሉም ቀልጦ ሸቷል። የብሪስቤን ሰዎች ሊመጡ ነው፤ ይህን ካዩ ጣቢያውን ከእጁ ይወስዱታል።

"መንደሩ ፈርቶ ሰረቀ ብል ማን ይጠራጠራል?" አለ። "ነጮቹ ለዚህ ወዲያው ነው የሚያምኑኝ።"

"ለሹሙ ለምን ደወልክ?"

መሬት መሬት አየ። "ቢያስፈራሯት እንጂ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላሰብኩም።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ ይህ ግን ከልክክም አለፈ። ጮህኩበት፤ ግቢው ሁሉ ሰማኝ።

"የጎሳህን ሆድ ሁሉ ናፍጣ አርከፍክፈህ አነደድክ! የጨቅላውን፣ የሽማግሌውን፣ እናትህን ያዋለደችውን ሴት ሳይቀር! የራስህን ግን ቀርከሃ ውስጥ አስተኝተህ ምንጭ አጠጣኻት። ካላመንክበት ለምን አተረፍካት? ካመንክበትስ ምን እያደረግካቸው እንደሆነ እያወቅህ ነው ክብሪቱን የጫርከው! ማይም ብለህ ስትሰድባቸው አፍህ አልተሳሰረም?"

ክሌመንት ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

*

መንደሩ መሐል አቁሜ በራሱ አፍ እንዲናገር አደረግሁት። ኦቶና ሌሎች ሁለት ፖሊሶች ከበውት ነበር፤ ባይከብቡት ኖሮ ቃሉን አይጨርስም። ሰዉ ሲሰማ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ።

"እሳቱ ልጄን ነው የበላው!" አሉ ሹም ሙንዱዋ፤ ገጀራቸውን ወደ ክሌመንት አነሱ።

"ሹም ሙንዱዋ፣ ይስሙኝ!" አልኩ መሐል ገብቼ። "ያቃጠለው እሑድ ነው። ሲና የታመመው መቼ ነው?"

ገጀራው እንደተነሳ ቀረ። "ካለፈው... ከዚያ ቀድሞ ነው" አሉ።

"ልጁ የታመመው ብልቃጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው ነው። ልጅዎን የያዘው በሽታ ነው። በሽታ ሐኪም አለው። ሳይመሽበት ይስጡኝ።"

የመለሱልኝ እሳቸው አይደሉም። እናቱ ከቤት ልጁን ታቅፋ ወጣች፣ ባሏን አልፋ ሄዳ የመኪናዬን በር ራሷ ከፈተችው።

ታይፎይድ ነበር። አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ አንጀቱ ይበሳ ነበር አለችኝ ሐኪሟ። ሲና ድኗል።

ብልቃጧ ማስረጃ ናትና ፖሊስ ጣቢያው ባለው ብቸኛ ማቀዝቀዣ፣ ለእስረኞች ቀለብ የሚሆን ሥጋ በሚቀመጥበት ውስጥ አኖርኳት። ክሌመንት በእስር ቤቱ ኮሪደር ባለፍኩ ቁጥር ፍርግርጉን ይዞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "መብራት አለ? ቀዝቅዛለች?" ስለ ሲና ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ እማማ ዶሮቲያም እንደዚያው።

እሷን ከቃጠሎ የተረፈ ዕቃዋን እንድትወስድ ወደ ዮምባይ ይዣት ሄድኩ። ወደ እህቷ አገር እንደምትሄድ ነግራኛለች፤ እሰይ ብያለሁ። መንደሩ ግን ጭር ብሏል። አደራቸው መቃጠሉን ከሰሙ ወዲህ ሰዎቹ ትኩስ ነገር አይቀምሱም፣ ሆዳቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ትኩሳቱን ይጠብቃሉ። ሕፃናቱ እንኳ አይሮጡም።

እማማ ዶሮቲያ ከመኪናው ወርዳ ቆመች። የማድ ቤቷን አመድ አየች፣ ሰዎቹን አየች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ቤት ሄደች።

"የእኔም ከእናንተው ጋር ነው የተቃጠለው" አለች። "እዩኝ። ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ። እስቲ ከምድጃው ትኩስ ድንች አምጡልኝ።"

የቤቱ ባለቤት አመነታች፣ በኋላ አመጣችላት። እማማ ዶሮቲያ አፏ እየተቃጠለ ከነልጣጩ በላችው፤ ሴትየዋም ጥቂት ቆይታ ለልጇ ቆረሰችለት። ቀጥሎ ሁለተኛው ቤት፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ የሹም ሙንዱዋ ቤት። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሻለሁ። እኔ ብሆን በሆዳቸው ይሰቃዩ ብዬ እሄድ ነበር።

በገመድ ያሰራት ጎረምሳ ደጃፍ ስትደርስ ጠግባ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች። ልጁ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ድንቹን ግን በሁለት እጁ ዘረጋላት። ተቀብላ በላች።